ሰማያዊው የዛፍ እባብ

እባቡ የመጣው ሐሙስ ጠዋት፣ በፎጣ ተጠቅልሎ በገበያ ዘንቢል ውስጥ ሆኖ ነው። ይዛው የመጣችው የሙዚየሙ የእንስሳት ክፍል ኃላፊ ዘንቢሉን እንደ ሕፃን አቅፋ አራተኛ ፎቅ ድረስ ስለወጣች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ አላስወጣ ቢልዎት እባቡ ራሱ ሊጠይቅዎ መጣ» አለች።

«ጠያቂዬ እባብ ከሆነማ አልቆልኛል በይኛ» አለ ሠዓሊው።

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ወንበር አቀረበችላት። የባሏ ጉልበት ምንም እንዳልሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ሙዚየም መሄድ የተወው የዚያ ደረጃ ስለማይታየው ነው። ግራ ዓይኑ በቀዶ ጥገና ላይ ከጠፋች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ያን ጊዜ አንድ ክረምት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤ ምግብ የሚቀምሰውም ለምና ለምና ነበር። አሁን ደግሞ ቀኟን ሞራ እየጋረዳት መጣ። ሐኪሙ «ይገፈፍ» ቢለው «አንድ ለእናቷ የሆነች ዓይኔን ለቢላ አልሰጥም» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ዓይን አይነሳም።

ኃላፊዋ ፎጣውን ገልጣ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቀጭን፣ ረጅም እባብ በአልኮሉ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ተኝቷል። ዓይኖቹ ለጭንቅላቱ የበዙ ይመስላሉ።

«አወቁት?»

ሠዓሊው ብልቃጡን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ወደ መስኮቱ አዞረው። «የዛፉ ነዋ! ትኩሱን ያመጡልን ዕለት እዚያው ነበርኩ። አሥራ አምስት ዓመት አይሞላውም? ማስታወሻም ይዤበታለሁ።»

«እሱ ባይኖር መች አመጣው ነበር! ‹አልኮል የገባ እባብ ቀለሙን አትመኑ› ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ?» ከሃያ ዓመት በፊት እርሳስ አያያዝ ያሳያት እሱ ነበር፤ ዛሬም ፊቱ ስትቀመጥ እጆቿን እንደ ተማሪ ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች። «ይኼኛው ለመጽሐፍ አይደለም ጋሼ። በፍራፍሬ እርሻዎቹ አካባቢ ባሉት ጤና ጣቢያዎች ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው። ለቃሚዎቹ እጃቸውን ቅጠል ውስጥ ይከታሉ። ንክሻው እንደ እሾህ ነው፣ አያብጥም፣ አያምም። ሰውየው ‹ምንም አይደል› ብሎ ቤቱ ይገባል። በማግስቱ ድዱ መድማት ይጀምራል፤ ያኔ ጊዜው አልፏል። ሥዕሉን አይቶ ‹የነከሰኝ ይኼ ነው› ካለ ግን አይለቁትም፣ እዚያው ያስተኙታል።»

«ገባኝ።»

«አለቆቻችን ‹ፎቶ ይበቃል› ብለው ነበር። ፎቶ ላይ ቅጠሉና እባቡ አይለዩም፣ ጋሼ ካልሳለው ብዬ የተሟገትኩ እኔ ነኝ። የዛሬ ወር እመጣለሁ። ታዲያ እንዳያሳፍሩኝ!»

«አንቺን ያሳፈርኩ ዕለት እርሳሴን ምድጃ ውስጥ ክተቺው» አለ እየሳቀ።

ሚስቱ ሳቁን ከሰማች ቆይታ ነበር። ያን ዕለት ምሳውን ሳይለመን በላ።

ጠረጴዛው የጋራ ነው፤ ግማሹ የስፌት መኪናዋ፣ ግማሹ የእሱ። አሠራሩን ከሠላሳ አንድ ዓመት ወዲህ አልለወጠም። መጀመሪያ በተራ እርሳስ የእባቡን ዙሪያ ያወጣል። ቀጥሎ በማጉያ መነጽር ቅርፊቶቹን በረድፍ በረድፍ ይቆጥራል፤ አንድ ረድፍ ቢስት ሁሉንም ላጲስ ይበላዋል። ቀለም የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ባለ ቀለም እርሳሱን እየነካካ ስስ ሽፋን በስስ ሽፋን ላይ ይደርባል። በየቅርፊቱ ጫፍ ላይ ብርሃን የሚያርፍባትን የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ ባዶዋን ይተዋታል። እጁ ዛሬም እንደ ድሮው ነው። ወረቀቱ ላይ ጉንጩ እስኪነካ ቢደፋም መስመሩ አይንቀጠቀጥም። እሷም ይኼን እያየች፣ እጁ ካልሳተ ዓይኑም ለሥራው ይበቃዋል ብላ ተጽናንታ ነበር።

እባቡ የሚጠመጠምበትን ቅርንጫፍ ከግቢው ዛፍ ቆርጣ አመጣችለት። ቅጠሎቹን ሲጨርስ ወደ እባቡ ገባ። እርሳሶቹን አንድ በአንድ ከብልቃጡ ጎን እያቆመ ያመሳስላል፣ የተመሳሰለውን ያነሳል። አራት ቀን እንደሠራ አንድ ማክሰኞ ጠራት።

«አንቺ፣ ነይ እስቲ እዪ። አሥራ አምስት ዓመት አልኮል ውስጥ ከርሞ ቀለሙን አልለቀቀም! እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ማስታወሻውን ማውጣትም አላስፈለገኝ።»

መጣችና በትከሻው ላይ አጎንብሳ አየች።

ቅጠሎቹ አረንጓዴ ናቸው። እባቡ ሰማያዊ ነው፣ እንደ ፖስታ ቤት በር ያለ ሰማያዊ። ከቅጠሎቹ መሃል እንደ ወደቀ ሪባን ከሩቅ ይጮኻል።

«እዪው እንግዲህ ተንኮሉን» አለ በጣቱ እያሳየ። «ከቅጠሉ ጋር አንድ ሆኖ የለም? እኔ የሳልኩት ራሴ እንኳ እባቡ የት ጋ እንደሚያልቅ አንዳንዴ ይጠፋኛል። ለቃሚው ምን ያድርግ!»

«እህ» አለች።

«እህ ብቻ?»

«ቅርፊቱ ያምራል። ዓይኑ ደግሞ የሚያየኝ ይመስላል።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ አንቺ ደግሞ በእርሳስ ትበረግጊያለሽ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እሷም ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ምናልባት እባቡ ሰማያዊ ይሆናል ብላ አሰበች፤ ከሞተው በቀር እባብ አይታ አታውቅም። ሆኖም ከቅጠሉ ጋር አንድ ነው ያለው ነገር ሆዷ ውስጥ እንደ መርፌ ተሰነቀረ።

በማግስቱ ምሳ በልቶ ጋደም ሲል መሳቢያውን ከፍታ የድሮ ደብተሮቹን አወጣች። በብልቃጡ አንገት ላይ ያለውን ቁጥር ይዛ ፈለገች፣ አገኘችውም። «ከተያዘ አንድ ሰዓት ያልሞላው። ጀርባው ከአንገት እስከ ጅራት ጫፍ ብሩህ ቅጠልያ አረንጓዴ፣ ሆዱ ወደ ቢጫ የሚያደላ። ዓይኑ ትልቅ፣ ጥቁር።» ከሥሩ ደግሞ በቀይ አስምሮ፦ «ማስጠንቀቂያ፤ አልኮል ቢጫውን ይበላል። አረንጓዴ እባብ ብልቃጥ ውስጥ ሲከርም ሰማያዊ ይሆናል።»

እንዲህ ብሎ የጻፈው ራሱ ነው። ዛሬ ያ ጽሑፍ አይነበብለትም፤ አንብቢልኝ ማለት ደግሞ አለማየቱን ማመን ነው። ሰማያዊውም ለዚያች ለተጋረደች ዓይኑ አረንጓዴ መስሎ ታያት፤ ብልቃጡም፣ እርሳሱም፣ ቅጠሉም እኩል።

አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነችም። ዓርብ ዕለት የምትሰፋው አረንጓዴ ቀሚስ ስለነበር ሁለት ክር፣ አንድ አረንጓዴና አንድ ሰማያዊ፣ በእሱ በኩል አስቀምጣ «አረንጓዴውን አቀብለኝ እስቲ፣ እጄ አልደርስ አለኝ» አለችው።

ሳያመነታ ሰማያዊውን አነሳና ሰጣት።

«እጅህ አይንጠፍ» አለች።

ክሩን መርፌ ውስጥ አስገብታ አረንጓዴው ቀሚስ ላይ አንድ ክንድ ያህል በሰማያዊ ሰፋች። ማቆም የፈራችው እንዳይጠይቃት ነው። እሱ ሽንት ቤት ሲገባ ሁሉንም በምላጭ ተረተረችው።

ልንገረው ስትል ያ ክረምት ይመጣባታል፤ ያ ወደ ግድግዳ የዞረ ጀርባ፣ ያ ሳይነካ የሚመለስ ሳህን። አልንገረው ስትል ደግሞ አንድ ሰው፣ መልኩን የማታውቀው ሰው፣ ጤና ጣቢያ ቆሞ ግድግዳውን ያያል። «የነከሰኝ አረንጓዴ ነው፣ ይኼ ሰማያዊ ነው» ይላል። ቤቱ ይሄዳል። ሆድ ይፍጀው ብላ ሳምንት ሙሉ ዝም አለች። ሳምንት ሙሉም የእባቡ ሰማያዊ ሽፋን በሽፋን ላይ እየደመቀ ሄደ።

መፍትሔ የመሰላት ነገር የተገኘው ከዚያው ከቀይ መስመሩ ነው። አልኮሉ የበላው ቢጫውን ከሆነ፣ ቢጫውን መመለስ ነዋ! ቅዳሜ ጠዋት ሁልጊዜ እንደሚያደርገው እግሩ የለመደውን የሕንፃውን ደረጃ ወርዶ ከታች ካለው ጸጉር አስተካካይ ዘንድ ወሬ ሊሰማ ሲሄድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቢጫውን እርሳስ አነሳች። ከጅራቱ ጫፍ ጀምራ አንዱን ቅርፊት አለፍ አለፍ አድርጋ ቀባችው። አረንጓዴ ሆነ። እንባዋ መጣ። በሁለት ሰዓት ውስጥ የጅራቱን ግማሽ አዳረሰች፤ የቀረውን እሱ ሲተኛ እጨርሰዋለሁ ብላ የእርሳሱን ፍርፋሪ እፍ አለችና ተነሳች።

እሁድ ጠዋት ሥዕሉ ላይ ተደፍቶ ሲያስተካክል በድንገት እጁን አቆመ። የትንሽ ጣቱን ጥፍር ጅራቱ ላይ አሳለፈ፣ መለሰ፣ እንደገና አሳለፈ።

«ማነው የነካው?»

እሷ መቀሱን አስቀመጠች።

«ያንሸራትታል። እኔ እንዲህ ተጭኜ አልቀባም። ብርሃኗን የተውኩባቸው ነጥቦች ተደፍነዋል።» ዞረ፤ ፊቱ ግን እሷ ካለችበት ትንሽ ወደ ቀኝ ነበር የዞረው። «ማነው ያልኩት?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ምን አደረግሽበት?»

«ቢጫ ደረብኩበት።»

«ቢጫ! በአረንጓዴ ላይ ቢጫ! ምን ነካሽ?»

«በአረንጓዴ ላይ አይደለም» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «ሰማያዊ ነው የቀባኸው። ከአንገት እስከ ጅራት ሰማያዊ ነው።»

ብልቃጡን አነሳው፣ ወደ መስኮቱ ያዘው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ቅጠሉስ?» አለ በመጨረሻ።

«ቅጠሉ አረንጓዴ ነው።»

«ለእኔ አንድ ናቸው።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አየሽው?»

«ያን ማክሰኞ፣ የጠራኸኝ ዕለት።»

ጣቶቹን ቆጠረ። «አሥራ ሁለት ቀን» አለ። ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳ አላዞረም። አመሻሹ ላይ መጣና ወንበሩን ለእሷ ሳበላት።

«ተቀመጪ። የጀመርሽውን እንዲህ ትተሽው አትሄጂም፤ ሰው የሚያየው ጭንቅላቱን ነው። ማስታወሻውን አንብቢልኝ።»

አነበበችለት። የራሱን ቀይ ማስጠንቀቂያ ስትደርስ «ይኼንን እለፊው» አለ።

ሦስት ቀን አብረው ሠሩ። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትቀባለች። «አትጫኚ አልኩሽ እኮ፣ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ምልክት ስታደርጊ እንዴት ነው የምታደርጊው? እንደዚያ።» የተደፈኑትን ነጥቦች በምላጭ ጫፍ እንዴት ቀስ ብላ እንደምትፍቅ አስተማራት። በየመሃሉ ይጠይቃል፦

«አሁን ምን መሰለ?»

«ያልበሰለ ሎሚ።»

«ሎሚ አይሆንም! ሎሚ በዝቶበታል። የባቄላ ቅጠል አታውቂም?»

«ፊቱን ነው ጀርባውን?»

«ፊቱን ነዋ፣ ባቄላ በጀርባው ማን ያውቀዋል!»

«እንግዲህ ትንሽ ሰማያዊ መልሺበት በለኛ።»

«ይኸው ተማርሽ፤ ነገ ደግሞ ደመወዜን ትቀበይኛለሽ» አለ። እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ረቡዕ ሲያልቅ እባቡ ቅጠሎቹ መሃል ገባ። ከክፍሉ ጥግ ሆና ስትፈልገው ወዲያው አጣችው፤ ቀረብ ስትል ያ ትልቅ ዓይን መጀመሪያ፣ አንገቱ ቀጥሎ፣ ወጣላት። ይኼንን ነገረችው። «እንግዲህ ሆኗል» አለና እጁን ታጠበ።

ሐሙስ ኃላፊዋ መጣች። ሥዕሉን ከደብተሩ ጋር እያስተያየች ብዙ ቆየች፤ ቆማ አየችው፣ ተቀምጣ አየችው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ሠርተው አያውቁም። አለቆቼ ፊት ዘርግቼው ‹በሉ እስቲ ፎቶ ደግሞ እንይ!› ነው የምላቸው። ዝም ነው የሚሉት!»

«ተይ እንጂ።»

«በእውነት! እንግዲያው ልንገርዎት፤ ሦስት ይቀራሉ። ሦስቱም ዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸው። እነሱ እንኳ ማስታወሻ የላቸውም፤ ግን እባብ የሚይዙልን አዳኞች በዚህ ወር ትኩስ ያመጡልናል። እንደተያዙ በመኪና እዚህ አደርስልዎታለሁ፣ በዓይንዎ አይተው ቀለሙን ይይዛሉ።»

ልብስ ሰፊዋ ሻይ ልትቀዳ ብርጭቆ ይዛ ነበር። ባሏን አየችው። እምቢ ይላል፣ ደክሞኛል ይላል፣ ጉልበቴን እንኳ ይላል ብላ ጠበቀች።

«አምጪያቸው» አለ።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።» ፊቱ ቀልቷል። ወደ ሚስቱ በኩል አልዞረም።

ለዚህኛው ደብተር ነበረው። ለሦስቱ ግን እሱ አያይም፣ እሷም እባብ አታውቅም፤ ትኩሱን እንኳ ቢያመጡላት ከባቄላና ከሎሚ ውጪ ስም የምታወጣለት የላትም። እሱ እንደሚያየው ይቀባዋል፣ እሷ እንደመሰላት ታርመዋለች፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከዚያ ወዲያ ብልቃጥ ገልጦ የሚያመሳክር የለም።

«አያይም» አለች።

ኃላፊዋ ፈገግታዋን ሳትሰበስብ ዞረች። «ምን አሉኝ እትዬ?»

«አያይም። ቀለም አይለይም። ይኼን ሰማያዊ አድርጎ ነበር የቀባው። አረንጓዴ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ እሱ እየነገረኝ። ሌላ አታምጪለት፣ በሞቴ።»

ኃላፊዋ ደብተሩን ከደነች።

«ጋሼ?» አለች ኃላፊዋ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ እንደ ተማሪ።

ሠዓሊው ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ ውሸቷን ነው እንዲል፣ ይቺ ሴትዮ አርጅታለች እንዲል ተመኘች።

«ሥዕሉ ትክክል ነው» አለ። «ከማስታወሻው ጋር አመሳክሪው፣ ቅርፊቱንም ቁጠሪ፣ አልሳትኩም። ስቀሉት። ስሜን ግን አትጻፊበት።»

«ስምዎ ሳይኖርማ...»

«አትጻፊበት አልኩሽ።»

ቆጠረችው። የሚያስፈልግ ሆኖ ሳይሆን እሱ ስላዘዛት፣ በጣቷ ረድፍ በረድፍ እየሄደች ቆጠረችና «ልክ ነው ጋሼ» አለች። ሥዕሉን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋ አሰረች፣ ብልቃጡን በፎጣው ጠቀለለች። በሩ ላይ ስትደርስ ስለ ሐኪም መናገር ጀመረች፣ ከዚያ ሦስቱን እባቦች ፎቶ ስለሚያነሳ ሰው፤ ሁለቱንም ሳትጨርስ ወረደች። ልብስ ሰፊዋ ልትሸኛት ደረጃው ድረስ ወጥታ ከዚያው ተመለሰች።

ባሏ ከወንበሩ አልተነሳም።

«ለእሷ በአንድ ቃል ነገርሻት» አለ። «ለእኔ የነገረኝ ጥፍሬ ነው።»

«አንተን እፈራሃለሁ። እሷን ምን ብዬ እፈራታለሁ?»

«አርባ ዓመት ምን አድርጌሽ ነው የምትፈሪኝ?»

«ትተኛለህ» አለች። «ፊትህን አዙረህ ትተኛለህ፣ እኔ ከጀርባህ ጋር እቀራለሁ።»

ተነሳ። ጠረጴዛውን በእጁ እየነካ፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ የበሩን መቃን፣ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ከዚህ በፊት እሷ ፊት ግድግዳ ዳስሶ አያውቅም። አልጋው ሲንቋቋ ሰማች።

የቀኑ ብርሃን ገና ሙሉ ነበር። የእሱ ግማሽ ጠረጴዛ ባዶ ሆኗል፤ ብልቃጡ ያረፈበት ቦታ ላይ የውሃ ክብ ቀርቷል። ጨርቅ አምጥታ ጠረገችው። መኪናዋ ጋ ተቀመጠች፤ ለነገ የሚደርስ ሥራ ነበራት፤ እግሯን ግን ፔዳሉ ላይ አላሳረፈችም። እንዳትረብሸው፣ ድምፅዋ እንዳይሰማው፣ እንደሌለች ሆና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«አንቺ» አለ ከውስጥ።

«አቤት!»

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ምንም። ትተኛ ብዬ ነው።»

«ስፊ እንጂ» አለ። ድምፁ ወደ ግድግዳ እንደዞረ ሰው ድምፅ የታፈነ ነበር። «ዝም ስትዪ የት እንዳለሽ አላውቅም።»

እጇ ያገኘውን ጨርቅ፣ የማን እንደሆነ እንኳ ሳታይ፣ መርፌው ሥር አስገባችና ፔዳሉን ረገጠች።